ሜሞሪ ሲገዙ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይመልከቱ

ለጌም ኮምፒዩተር ገዢዎችና ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ቡና የሚገዛ ነጋዴ የመጣበትን አካባቢና ደረጃውን ሳይጠይቅ ሒሳብ አይዘጋም። ያው ነጋዴ ለልጁ ወይም ለንግዱ ኮምፒዩተር ሲገዛ ግን «ሜሞሪው ስንት ጊጋ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ገንዘቡን ቆጥሮ ይወጣል። የሚገዛው ለደብዳቤ መጻፊያና ለሒሳብ መያዣ ከሆነ ይህ ብዙም አይጎዳውም። ማሽኑ ለጌም የሚገዛ ከሆነና ገዢውም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማስኬድ፣ ማለትም «ኦቨርክሎክ» ለማድረግ ካሰበ ግን ያቺ አንዲት ጥያቄ አትበቃም።

ጉዳዩ የገበያ ጉዳይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ በአሜሪካ ገበያ በመቶ ዶላር ገደማ ይገኝ የነበረው ባለ 32 ጊጋባይት ዲዲአር5 ጥንድ፣ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ዋጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። የጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት ደግሞ የአንዱን ማሽን ስህተት በአሥር ማሽን ያባዛዋል። ስለሆነም ለየትኛው ቁጥር ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ለየትኛው ደግሞ እንደማይከፈል አስቀድሞ ማወቁ ኪስን ያድናል።

ለመሆኑ ኦቨርክሎክ ምንድነው?

ማንኛውም ሜሞሪ፣ በገበያው አጠራር «ራም»፣ መደበኛ ፍጥነት አለው። ይህን ልክ የሚያወጣው ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ድርጅት ነው። ጄዴክ የዲዲአር5ን ደረጃ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ሲያወጣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን በ1.1 ቮልት ወስኗል። የቀድሞው ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ይሠራ ነበር። ዛሬ በማሸጊያው ላይ «6000፣ ሲኤል30» የሚል ጽሑፍ የያዘ ሜሞሪ ሲሸጥ፣ አምራቹ ቮልቱን ወደ 1.35 ወይም 1.4 ከፍ አድርጎ የፈተነው ዕቃ ነው ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ኦቨርክሎኩን ፋብሪካው ሞክሮ አቅርቦታል፤ የሚቀረው ገዢው ማብራቱ ነው።

ይህ የተፈተነ ልክ በሜሞሪው ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተመዝግቦ ይመጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው አሠራር ኤክስኤምፒ ይባላል። ኤኤምዲ በበኩሉ በ2022 ኤክስፖ የተባለውን አውጥቷል። ገዢው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ይህን ካላበራው ግን ሜሞሪው በመደበኛው ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜም በ4800 ይሠራል። የ6000 ዋጋ ከፍሎ ለዓመታት በ4800 የሚጠቀም ሰው ሞልቷል። ይህም የኳርት ዋጋ ተከፍሎ በአውቶቡስ እንደመሄድ ይቆጠራል።

ሥራው ራሱ አዲስ አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1998 ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ፣ አዋቂዎች የማዘርቦርዱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በመለወጥ ባለ 300ውን ፕሮሰሰር በ450 ሜጋኸርዝ ያስኬዱት ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ 100 በ4.5 ሲባዛ 450 ይመጣል። ይሁን እንጂ በዘመኑ ታዋቂ በነበረው የኢንቴል 440ቢኤክስ ማዘርቦርድ ላይ ሜሞሪው ከዚያው ፍጥነት ጋር አብሮ ይወጣ ስለነበረ፣ «ፒሲ100» የተባለውን ሜሞሪ ያልገዛ ሰው ሙከራው ይከሽፍበት ነበር። ትምህርቱ ዛሬም አልተለወጠም፤ ማሽኑ የሚሮጠው በደካማው ዕቃ ልክ ነው።

በማሸጊያው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች

የመጀመሪያው ቁጥር ፍጥነቱ ነው። ሻጮች «6000 ሜጋኸርዝ» ቢሉትም ትክክለኛ ትርጉሙ በሰከንድ 6000 ሚሊዮን የመረጃ ዝውውር ማለት ነው። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ እውነተኛው ምት 3000 ሜጋኸርዝ ነው። ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ «3000» የሚል ያነበበ ገዢ ተታልያለሁ ብሎ ከሻጩ ጋር መጣላት የለበትም። ባነበበው ቁጥር ላይ እጥፉን ያስላ። 2400 ካነበበ ግን ወይ ኤክስፖው አልበራም፣ ወይ ደግሞ ዕቃው የተባለው አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር «ሲኤል» የሚባለው የመዘግየት ቁጥር ነው። ልዩነቱን በመጋዘን ብንመስለው ይቀላል። ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኩንታል ከመጋዘን እንደሚወጣ ይነግረናል። ሲኤል ደግሞ ትእዛዝ ከተሰጠበት ቅጽበት አንሥቶ የመጀመሪያው ጆንያ በር ላይ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ያሳያል። ጌም በባሕርይው ትንንሽ ትእዛዞችን በብዛትና በጥድፊያ የሚያዝ ደንበኛ በመሆኑ፣ የኩንታሉ ብዛት ብቻ አያረካውም። የመጀመሪያው ጆንያ ቶሎ መድረሱም ያሳስበዋል።

ይሁን እንጂ ሲኤል የሚቆጠረው በምት እንጂ በሰዓት አይደለም። ስለዚህ የሁለት ሜሞሪዎችን ሲኤል በቀጥታ ማወዳደር ስህተት ላይ ይጥላል። እውነተኛውን ጊዜ ለማግኘት ሲኤሉን በ2000 አባዝቶ ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። ውጤቱ በናኖ ሰከንድ ይመጣል። በኪስ ካልኩሌተር የሚከተለውን ማረጋገጥ ይቻላል፡-

ዲዲአር5 4800፣ ሲኤል40 — 16.7 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር5 5600፣ ሲኤል36 — 12.9 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር5 6000፣ ሲኤል40 — 13.3 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር5 6000፣ ሲኤል36 — 12 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር5 6000፣ ሲኤል30 — 10 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር5 6400፣ ሲኤል32 — 10 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር5 7200፣ ሲኤል34 — 9.4 ናኖ ሰከንድ
ዲዲአር4 3200፣ ሲኤል16 — 10 ናኖ ሰከንድ

ዝርዝሩን ልብ ብሎ ያየ ነጋዴ ሁለት ነገር ይገነዘባል። አንደኛ፣ ባለ 6000 ሲኤል40 ሜሞሪ ከባለ 5600 ሲኤል36 በመዘግየት ረገድ የባሰ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል የምንለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩ የሚባለው ዲዲአር4 በመዘግየት ከጥሩው ዲዲአር5 እኩል ነው። ዲዲአር5 የሚበልጠው በኩንታሉ ብዛት ነው፤ አንድ ፍሬ ባለ 6000 ሜሞሪ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ባለ 3200ው ዲዲአር4 25.6 ብቻ ያስተላልፋል።

ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ይሸከማል?

ሜሞሪው ብቻውን አይሮጥም። የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሜሞሪው በፊት የሚጠየቀው የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው።

በኤኤምዲ በኩል፣ ራይዘን 7000 በይፋ የሚደግፈው እስከ 5200፣ ራይዘን 9000 ደግሞ እስከ 5600 ነው። ኩባንያው ራይዘን 7000ን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያወጣ ለኦቨርክሎክ የተሻለው ልክ 6000 መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። በ6000 ላይ ሜሞሪውና መቆጣጠሪያው እኩል በ3000 ሜጋኸርዝ ይሄዳሉ። ከ6400 ገደማ በላይ ሲወጣ ግን አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች እኩል መሄድ ስለማይችሉ መቆጣጠሪያው በግማሽ ፍጥነት እንዲሠራ ይደረጋል። ለምሳሌ ሜሞሪው 8000 ሲሆን ምቱ 4000 ነው፤ መቆጣጠሪያው ግን በ2000 ይሄዳል። ገዢው ለ8000 ብዙ ዶላር ከፍሎ በአንድ እጁ ያገኘውን በሌላው እጁ ይሰጣል ማለት ነው። እንግዲህ ለኤኤምዲ ገዢ 6000 ሲኤል30 ኤክስፖ ያለበት ጥንድ መግዛት ከሁሉ የቀና መንገድ ነው።

በተለይም «ኤክስ3ዲ» የሚል ቅጥያ ያላቸው ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ በ2023 የወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ እና በ2024 የወጣው 9800ኤክስ3ዲ፣ በውስጣቸው 96 ጊጋባይት ሳይሆን 96 ሜጋባይት የሆነ ትልቅ የቅርብ ማከማቻ ይዘዋል። ትንሽ ቢመስልም ለፕሮሰሰር ብዙ ነው። ሱቁ ውስጥ በቂ ዕቃ ያለው ነጋዴ ወደ መጋዘን እንደማይመላለስ ሁሉ፣ እነዚህም ሜሞሪውን የሚጠይቁት አልፎ አልፎ ነው። በመሆኑም ውድ ሜሞሪ ለእነርሱ የሚጨምረው ጥቅም ያነሰ ነው። ይህን ፕሮሰሰር የገዛ ሰው በሲኤል36 ቢወሰን የሚቆጨው ነገር አይኖርም።

በኢንቴል በኩል፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ያሉት ፕሮሰሰሮች እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ይቀበላሉ። ሁለቱ ቁርጣቸው የተለያየ በመሆኑ የአንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ፣ ማዘርቦርዱ ጥሩ ከሆነ፣ ከ6400 እስከ 7200 መድረስ የተለመደ ነው። በኦክቶበር 2024 የወጣው ኮር አልትራ 200 ዲዲአር5ን ብቻ ይቀበላል። ለእርሱ «ሲዩዲም» የተባለ፣ ምቱን የሚያጠራ ተጨማሪ ቺፕ ያለበት ሜሞሪ መጥቷል። ይህ ዕቃ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ 8000 አካባቢና ከዚያ በላይ ለመድረስ ለማይሻ ሰው አይመከርም። ለራይዘን ገዢም ትርፍ ወጪ ነው።

ሁለት ፍሬ ወይስ አራት?

አብዛኛውን ጊዜ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ገዢው አራት ማስገቢያ ያያል፤ «ለጊዜው ሁለት ልግዛ፣ ገንዘብ ሲገኝ ሁለት እጨምራለሁ» ይላል። በዲዲአር4 ዘመን ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። በዲዲአር5 ግን አራት ፍሬ ሲገባ መቆጣጠሪያው ይከብደዋል። በራይዘን 7000 ሁለት ፍሬ በይፋ 5200 ሲሆን አራት ፍሬ ከተጨመረ ይፋው ልክ ወደ 3600 ይወርዳል። ዕቃ ጨምሮ ፍጥነት መቀነስ ይሏል ይህ ነው።

ስለሆነም የሚፈለገውን መጠን መጀመሪያውኑ በሁለት ፍሬ መግዛት ይገባል። ለጌም ባለ 16 ሁለት፣ ድምሩ 32 ጊጋባይት፣ ተመጣጣኝ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ማሽኑን ለሥራም ለሚጠቀም ባለ 32 ሁለት ይሻላል። አንድ ፍሬ ባለ 32 መግዛት ግን አይመከርም፤ ሁለቱ የመረጃ መንገዶች እንዲሠሩ ሁለት ፍሬ ያስፈልጋሉ። ሁለቱም በአንድ ማሸጊያ አብረው የተፈተኑ ይሁኑ። ከሁለት ሱቅ የተለቃቀመ ጥንድ መለያ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ በውስጡ ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል። ሲተከሉም ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ መሆን ይገባቸዋል፤ በአብዛኞቹ ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርዶች ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው።

ቺፑ የማን ነው?

ኮርሴር፣ ጂስኪል፣ ኪንግስተንና ቲምግሩፕ ስማቸው በማሸጊያው ላይ ይታያል። የሜሞሪውን ቺፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን ናቸው። በዲዲአር4 ዘመን በኦቨርክሎክ የተመሰገነው «ቢ-ዳይ» የተባለው የሳምሰንግ ቺፕ ነበር። በዲዲአር5 ተራው የሃይኒክስ ሆኗል፤ «ኤ-ዳይ» እና «ኤም-ዳይ» የተባሉት ቺፖቹ በባለሙያዎች ይመረጣሉ። ችግሩ የቺፑ ዓይነት በማሸጊያው ላይ አለመጻፉ ነው። ጥሩ ምልክቱ ዝቅተኛው ሲኤል ነው። 6000 በሲኤል30 የሚሸጥ ዕቃ በአብዛኛው የሃይኒክስ ቺፕ የያዘ ነው። በላዩ ላይ የሚበራው ቀለማት መብራት ግን ፍጥነት አይጨምርም፤ ዋጋ ብቻ ይጨምራል።

ማዘርቦርዱን ሳያዩ አይግዙ

ማዘርቦርድ ሁሉ ኦቨርክሎክ አይፈቅድም። በኢንቴል በኩል ኤች610 የሜሞሪ ኦቨርክሎክ አይፈቅድም፤ ቢ660፣ ቢ760 እና «ዜድ» የሚል ምልክት ያላቸው ግን ይፈቅዳሉ። በኤኤምዲ በኩል ርካሹ ኤ620 ሳይቀር የሜሞሪውን ይፈቅዳል፤ የማይፈቅደው የፕሮሰሰሩን ነው። ከዚህም ባሻገር የማዘርቦርዱ አምራች የተፈተኑ ሜሞሪዎችን ዝርዝር ያወጣል። የሚገዙት ዕቃ ሙሉ መለያ ቁጥር በዚያ ዝርዝር ላይ ካለ ከክርክር ይድናሉ።

ትልቅ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ደግሞ የሜሞሪውን ቁመት ይለካ። ረጅም ክዳን ያለው ሜሞሪ ከማቀዝቀዣው ሥር አልገባ ብሎ ዕቃው የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ዕቃ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ከተከሉት በኋላ

ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ በበራበት የመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ ሜሞሪውን እያለማመደ ነው። ተበላሸ ብሎ ማጥፋት አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፈተና ነው። ኮምፒዩተሩ መነሣቱ ሜሞሪው ጤናማ ነው ማለት አይደለም። ሜምቴስት86 የተባለውን ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥቶ ሌሊቱን ማሳደር ይገባል። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ፍጥነቱ መቀነስ አለበት። «አንድ ስህተት ምን አላት?» የሚል ሰው ጌሙ ሲዘጋበት ብቻ ይመስለዋል። በዚያው ማሽን የንግድ ሒሳቡን የሚይዝ ከሆነ ግን የተሳሳተችው ቁጥር ድምፅ ሳታሰማ ፋይሉ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የምትገኘውም ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ዲዲአር5 በቺፑ ውስጥ የራሱ ስህተት ማረሚያ አለው ቢባልም፣ ለሰርቨር የሚሠራውን ባለ ሙሉ ማረሚያ ሜሞሪ አይተካም።

ቮልትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ተቃጥለው ነበር። ኤክስፖ ሲበራ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰሩ «ሶክ» ለተባለው ክፍል ከመጠን ያለፈ ቮልት ይሰጡ ስለነበረ፣ ኤኤምዲ ልኩ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ የሚያደርግ አዲስ ባዮስ አስወጥቷል። ስለዚህ ኤክስፖ ከማብራት በፊት ባዮሱን ማደስ ግድ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ይህ ሥራ በዩፒኤስ ይሠራ፤ ባዮስ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል።

ከተመዘገበው ልክ አልፎ በእጅ ሲኤሉን መቀነስና ቮልቱን መጨመርም ይቻላል። ለሚያውቅ ሰው ጨዋታ ነው፤ ለማያውቅ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ኦቨርክሎክ ያደረሰው ጉዳት ከፕሮሰሰሩ ጋራንቲ ውጪ እንደሚሆን በአምራቾቹ ደንብ ላይ መጻፉም መዘንጋት የለበትም።

ገበያው ወዴት ነው?

የሜሞሪ ገበያ እንደ ቡናና እንደ ሰሊጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሻጮቹ ጥቂት ስለሆኑም መዋዠቁ የከፋ ነው። የሻጮች ማነስ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2005 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት ሃይኒክስ 185 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግ ደግሞ 300 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል የተስማሙት በአሜሪካ የሜሞሪ ዋጋ በስምምነት ወስነዋል ተብለው በቀረበባቸው ክስ ጥፋተኝነታቸውን አምነው ነው።

የ2025ቱ የዋጋ ንረት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች የፋብሪካዎቹን ምርት በብዛት ወሰዱት። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ሸማች ያቀርብ የነበረውን ንግድ እንደሚተው፣ ማቅረቡንም እስከ ፌብሩዋሪ 2026 መጨረሻ ብቻ እንደሚቀጥል አስታውቋል። ከሦስቱ አንዱ ከችርቻሮው ሲወጣ ገዢው ምን እንደሚገጥመው ነጋዴ ይገምተዋል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ነገር ይመከራል። አንደኛው፣ ጥሩ ዲዲአር4 ያለበት ማሽን የያዘ ሰው ለሜሞሪው ብሎ ብቻ ማሽኑን አለመለወጡ ነው። ሁለተኛው፣ በሲኤል36 እና በሲኤል30 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ የቪዲዮ ካርድ የሚያስገዛ ከሆነ ካርዱን መምረጥ ነው። በተለይ በትልቅ ስክሪን፣ በ4ኬ ጥራት ለሚጫወት ሰው ሥራው ያለው ካርዱ ላይ ስለሆነ ሜሞሪው የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም አይታይም። በአነስተኛ ጥራት ከፍተኛ የምስል ፍጥነት ለሚሹ የውድድር ተጫዋቾች ግን የሲኤል30 ክፍያ ትርጉም አለው።

ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ. ፍጥነቱና ሲኤሉ ስንት ነው? በ2000 አባዝተው አካፍለው ከ10 እስከ 12 ናኖ ሰከንድ ካገኙ ጥሩ ነው።
2ኛ. ኤክስፖ ነው ወይስ ኤክስኤምፒ? ከፕሮሰሰሩ ጋር ይስማማል?
3ኛ. ጥንዱ በአንድ ማሸጊያ የመጣ ነው? ማሸጊያው ተከፍቷል?
4ኛ. መለያ ቁጥሩ በማዘርቦርዱ አምራች ዝርዝር ላይ አለ?
5ኛ. እዚሁ ተተክሎ በሲፒዩ-ዚ ሊታይ ይችላል? ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ይህን እምቢ ያለ ሻጭ ዘንድ አይቆዩ።
6ኛ. በሜምቴስት ስህተት ቢያሳይ በስንት ቀን ውስጥ ይለወጣል? መልሱ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሻጩ ስድስቱንም ከመለሰ ዋጋውን መከራከር ያን ጊዜ ይጀመራል።